«ተሳሳተብኝ» አትበሉ፦ የቆየ የዲሲፕሊን ቅጣትን በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ላይ እንዴት ማስረዳት ይቻላል

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ አንድ የኬሚስትሪ ላብ ሪፖርት አስገባሁ። ውስጡ ያለው የቁጥር ሠንጠረዥ የእኔ አልነበረም። ያን ሳምንት ላብ ቀርቼ ነበር፣ ጓደኛዬ የሱን ላከልኝ፣ እኔም ገልብጬ ስሜን ጻፍኩበት። አስተማሪው ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው የተሳሳተች ቁጥር ሳትቀር አንድ ናቸው። ጉዳዩ ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄደ። ለሪፖርቱ ዜሮ፣ ለእኔ ደግሞ የአንድ ሴሚስተር የዲሲፕሊን ፕሮቤሽን (የክትትል ጊዜ)። ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ስሞላ ጥያቄው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል። አዎ ወይስ አይደለም? አዎ ካልኩ ማብራሪያ ይፈልጋል። የመጀመሪያ ረቂቄን እንደ ታላቅ ወንድሜ ለማየው አንድ ሐኪም ላክሁለት። አንብቦ ደወለና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ይሄን ያደረገው ማነው?»

ጽሑፌን መልሼ አየሁት። እውነትም ያደረገው ሰው የለም። «መረጃው ተቀላቀለ»፣ «ሁኔታው ተፈጠረ»፣ «ውሳኔ ተላለፈብኝ»። ግሶቹ ሁሉ ባለቤት የላቸውም።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ታናናሾቼን ረቂቅ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው ላይ ያው ችግር አለ። ልጆቹ ውሸታሞች ሆነው አይደለም፣ አፍረው ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው እዚያ ጥያቄ ላይ ደርሳችሁ የምትጽፉት ለጠፋችሁ ሁሉ ነው። ሌሊት ብቻችሁን ስታዩት የሚመስለውን ያህል አያስፈራም፣ ግን በግማሽ ልብ የሚሠራ ነገርም አይደለም።

1. ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቡት

በአሜሪካ አብዛኞቹ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች የሚያመለክቷቸው በአምካስ በኩል ነው። አምካስ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያስተዳድረው የጋራ ማመልከቻ ነው። ዲኦ የሚባለውን ሌላውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡት (የኦስቲዮፓቲክ) ትምህርት ቤቶች አኮማስ የሚባል የራሳቸው አላቸው፣ ቴክሳስም ለራሱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሌላ የጋራ ማመልከቻ አለው። የሦስቱም የጥያቄ አቀራረብ ይለያያል። አንዱ ላይ የመለሳችሁትን ሳታነቡ ሌላው ላይ አትገልብጡ።

አምካስ ነገሩን «ኢንስቲትዩሽናል አክሽን» ይለዋል፤ ተቋማዊ እርምጃ እንበለው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በየትኛውም ኮሌጅ ወይም የሕክምና ትምህርት ቤት፣ በትምህርት ድክመት ወይም በሥነ ምግባር ጥሰት ምክንያት እርምጃ ተወስዶባችሁ ያውቃል ወይ? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ጥያቄው ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ጭራዎች ሳያነብ ሲቀር ነው። አንደኛው፣ እርምጃው ትምህርታችሁን ባያቋርጥም አዎ በሉ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከትራንስክሪፕታችሁ ላይ ቢሰረዝም፣ በዩኒቨርሲቲው ደንብም ሆነ በራሳችሁ አቤቱታ ቢፋቅም፣ አሁንም አዎ በሉ ይላል። ስለዚህ «ትራንስክሪፕቴ ላይ እኮ የለም» የሚለው መልስ አያስኬድም።

የትምህርት ድክመት የሚለውንም ብዙ ሰው ይዘለዋል። አንድ ሲ ወይም ኤፍ ማግኘት ብቻውን እርምጃ አይደለም። ውጤታችሁ ወርዶ አካዳሚክ ፕሮቤሽን ላይ ከገባችሁ፣ ከታገዳችሁ ወይም ከተሰናበታችሁ ግን እርምጃ ነው፣ ምንም ዓይነት ኩረጃ ወይም ጥፋት ባይኖርበትም። የሃይስኩል ጉዳይ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አይገባም፣ ጥያቄው ስለ ኮሌጅ ነውና። ኮሌጅ ሲባል ግን የተማራችሁበት ሁሉ ነው፤ አንድ ሰመር ብቻ ክላስ የወሰዳችሁበት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ይቆጠራል።

አሻሚው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ዶርም ውስጥ ሻማ ለኩሳ የጭስ ማንቂያው ጮኸ፣ ሕንፃው በሙሉ ሌሊት ላይ ወጣ፣ እሷም ደብዳቤ ደረሳት። «ይሄ እርምጃ ነው ወይስ ምክር?» ብላ ሦስት ወር ስትጨነቅ ከረመች። መልሱን የሚያውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ። ጠየቀቻቸው፣ መደበኛ የጥሰት ውሳኔ ነው አሏት፣ በአራት ዓረፍተ ነገር አስረድታ አለፈች። ኢንተርቪው ላይ ማንም አላነሳባትም። ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ኢንተርኔት አትጠይቁ፤ ቢሮውን ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ማመልከቻው ላይም ለብቻው ይጠየቃል። አንድ ምሽት ግቢ ውስጥ የተፈጠረ ነገር ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ደንብ ይቀጣችኋል፣ ፖሊስ ደግሞ ክስ ይጽፍባችኋል። አንዱን ስትመልሱ ሌላውን የመለሳችሁ እንዳይመስላችሁ።

2. መዝገባችሁን አውጡ፣ ማስታወስን አትመኑ

እኔ ቅጣቱ በበልግ፣ ማለትም በፎል፣ ሴሚስተር የተሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤውን ሳስወጣ ቀኑ ጃንዋሪ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን እኔ «በበልግ» ብዬ ጽፌ፣ ዩኒቨርሲቲው «ጃንዋሪ» ብሎ ቢልክ፣ ስለ ታማኝነት በሚያወራ አንቀጽ ውስጥ ሁለት የማይገጥሙ ቀኖች ይቀመጣሉ።

ፈርፓ የሚባለው የ1974 የፌዴራል ሕግ የራሳችሁን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት ይሰጣችኋል። ዩኒቨርሲቲው ጥያቄያችሁ ከደረሰው ጀምሮ ቢበዛ 45 ቀን አለው። 45 ቀን ረጅም ነው። አምካስ በሜይ መጀመሪያ አካባቢ ይከፈታል፣ ማስገባት የሚጀመረው ደግሞ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን መግቢያ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁን ማርች ላይ ላኩ።

ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ወይም ለሥነ ምግባር ቢሮው አጭር ኢሜይል ጻፉ። ሙሉ ስም፣ የተማሪ ቁጥር፣ የተማራችሁባቸው ዓመታት፣ ከዚያ የምትፈልጉትን በግልጽ፦ የትኛውን የደንብ አንቀጽ ጥሳችኋል ተባለ? የተወሰነው መቼ ነው? ቅጣቱ ምንድነው፣ ከመቼ እስከ መቼ? ተዘግቷል ወይስ ክፍት ነው? እና ከሁሉም በላይ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ስለእኔ ቢጠይቃችሁ ምን ብላችሁ ነው የምትመልሱት? ይህችን የመጨረሻዋን ሰው አይጠይቃትም፣ እኔ ግን ከሁሉም የምትጠቅም እሷ ናት እላለሁ። መልሳቸውን ካወቃችሁ የእናንተ ጽሑፍ ከነሱ ጋር መግጠሙን ታያላችሁ።

በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ቀለል ያለ የዲሲፕሊን መዝገብ ለ7 ዓመት ያስቀምጣሉ፣ እገዳና ስንብትን ደግሞ ለዘለቄታው። «ምንም መዝገብ የለንም» ካሏችሁ ጥሩ፣ ኢሜይሉን አስቀምጡ። ግን መዝገቡ ጠፋ ማለት እርምጃው አልተወሰደም ማለት አይደለም። ጥያቄው «መዝገብ አለ ወይ» ሳይሆን «ተወስዶባችሁ ያውቃል ወይ» ነው።

3. አዎ በሉ

እዚህ ላይ ረጅም ክርክር አልፈልግም። ተወስዶባችሁ ከሆነ አዎ ነው።

ልባችሁ ግን ይከራከራችኋል፣ የእኔም ተከራክሮኛል። «ማን ያውቃል?» ይላል። የሚያውቁ ብዙ ናቸው። የዩኒቨርሲቲያችሁ የቅድመ ሕክምና ኮሚቴ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ከሆነ የዲሲፕሊን መዝገባችሁን አይቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተቀበሏችሁ በኋላ፣ ከመግባታችሁ በፊት፣ ከዲን ቢሮው ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። አምካስ ራሱ ያልተጣጣመ ነገር ሲያገኝ ምርመራ ከፍቶ ውጤቱን ላመለከታችሁባቸው ትምህርት ቤቶች ይልካል። አንድ የተቀበላችሁ ትምህርት ቤት ቦታችሁን መልሶ ሊወስድ ይችላል፣ ከገባችሁ በኋላ እንኳ። አንድ የላብ ሪፖርት መገልበጥ በ19 ዓመት ልጅ የተሠራ ጥፋት ነው። መደበቁ ግን በ22 ዓመታችሁ፣ አስባችሁበት፣ ፊርማችሁን አኑራችሁ የሠራችሁት ጥፋት ይሆናል። ሁለተኛው ነው የሚከብደው።

ለምን ይህን ያህል ያጠብቃሉ ለምትሉኝ፣ ምክንያት አላቸው። በ2005 አንድ ታዋቂ ጥናት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ከሦስት የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመርቀው ከ1990 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በየክፍለ ግዛቱ የሐኪሞች ቦርድ የተቀጡ 235 ሐኪሞችን ወስደው፣ ካልተቀጡ የትምህርት ቤት ጓዶቻቸው ጋር አወዳደሯቸው። የተቀጡት ተማሪ ሳሉ የሙያ ሥነ ምግባር ችግር ተመዝግቦባቸው የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ በግምት ሦስት እጥፍ ነበር። ይህ ስለ ሕክምና ተማሪዎች እንጂ ስለ ኮሌጅ ልጆች የተሠራ አይደለም። ግን እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከችግሮቹ ሁሉ ከኋላው ቅጣት ጋር ጎልተው የተያያዙት ከባድ ኃላፊነት የጎደለው መሆን እና ራስን የማሻሻል አቅም ማጣት ናቸው። እንግዲህ የሕክምና ትምህርት ቤቱ የቅበላ ኮሚቴ የእናንተን አንቀጽ ሲያነብ ዓይኑ የሚፈልገው ይህን ነው። ኃላፊነት ይወስዳል? ሲነገረው ይሻሻላል? ጽሑፋችሁ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ መስጠት አለበት።

4. ጻፉት

አምካስ ለማብራሪያው የሚሰጣችሁ 1,325 ቁምፊ ነው፣ ክፍተቱን ጨምሮ። በእንግሊዝኛ ከ200 እስከ 220 ቃል ገደማ ይሆናል። አማርኛ ፊደሉ እጥር ምጥን ያለ ስለሆነ በአማርኛ የጻፋችሁት ግማሽ ገጽ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ያብጣል። በአማርኛ ማሰብ ጥሩ ነው፣ እኔም የማስበው በሱ ነው። ግን እየተረጎማችሁ አትጻፉ፤ ምክንያቱ ደግሞ ርዝመቱ ብቻ አይደለም።

ልጅ ሆነን ብርጭቆ ሲወድቅብን ምን እንል ነበር? «ተሰበረብኝ»። ሰበርኩት አንልም። «ብኝ» የምትለዋ ነገር ብርጭቆውን አድራጊ፣ እኛን ተበዳይ ታደርጋለች። ከዚህ ጋር ነው ያደግነው፣ ትሕትናም ስላለባት ሳናስባት ትወጣለች። «ጠፋብኝ»፣ «ተሳሳተብኝ»፣ «ተወሰነብኝ»። እንግሊዝኛ ውስጥ ስትገባ ግን ትሕትናዋ ይቀርና መሸሽ ብቻ ትመስላለች። የሚያነበው ሰው ወዲያው ይይዛታል፣ በቀን ስንት እንዲህ ያለ አንቀጽ ያነባልና። ስለዚህ ረቂቃችሁን ጨርሳችሁ በእስክሪብቶ እያንዳንዱን ግስ ክበቡ። ከያንዳንዱ አጠገብ «ማን?» ብላችሁ ጻፉ። ስለ ጥፋቱ በሚያወራው ክፍል መልሱ «እኔ» ያልሆነበትን ሁሉ እንደገና ጻፉት።

የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ይመስል ነበር፦

«ሁለተኛ ዓመት ላይ በጣም ከባድ ጊዜ አሳልፌያለሁ። በላብ ሪፖርት ዝግጅት ወቅት ከአንድ ተማሪ ጋር በነበረ የመረጃ ልውውጥ አለመግባባት ተፈጥሮ፣ ሪፖርቶቹም ተመሳስለው በመገኘታቸው፣ ጉዳዩ ለዲን ቢሮ ቀርቦ ውሳኔ ተላልፎብኛል። ከዚህ አጋጣሚ ብዙ ትምህርት ወስጃለሁ። ታማኝነት ለአንድ ሐኪም ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነም ተረድቻለሁ።»

አንብቡት። ምን አደረገ ይህ ልጅ? አይታወቅም። ቅጣቱስ? አይታወቅም። የተማረውስ? እሱም አይታወቅም፣ «ብዙ» ብቻ ነው። አለመግባባት የሚባል ነገር ደግሞ አልነበረም፤ እኔና ጓደኛዬ በደንብ ተግባብተን ነበር።

ከብዙ ድካም በኋላ ወደዚህ መጣ፦

«በሁለተኛ ዓመቴ አንድ የኬሚስትሪ ላብ ቀረሁ። ለአስተማሪዬ መናገር ሲገባኝ፣ የሌላ ተማሪ ልኬቶች ገልብጬ የራሴ አስመስዬ አስገባሁ። አስተማሪዬ ሲጠይቀኝ ያደረግኩትን በዚያው ቀን አመንኩ። ዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ታማኝነት ደንብ መጣሴን ወስኖ፣ ለሪፖርቱ ዜሮ፣ ለእኔ ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ የሚቆይ ፕሮቤሽን ሰጠኝ። ያለ ሌላ ጥፋት ጨረስኩት። የገለበጥኩት መቅረቴን ለመናገር ስላፈርኩ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳልሠራ ስቀር ቀድሜ እናገራለሁ። በሦስተኛ ዓመቴ የምሠራበት የምርምር ላብ ውስጥ ሁለት ናሙናዎች አበላሸሁ፣ ለኃላፊዬም ወዲያው ነገርኳት፤ የዚያን ቀን መረጃ አብረን ጣልነው። በዚያ ላብ ለሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፣ የልኬት መዝገቡንም የምይዘው እኔ ነበርኩ።»

ልዩነቱ የት ነው? ጥፋቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ቅጣቱ ከነቀኑ አለ። «ተማርኩ» የሚል ቃል የለም። በሱ ፈንታ ሁለት የተበላሹ ናሙናዎች አሉ። ሐኪሙ ወንድሜ ይህን ሲያነብ «አሁን አየሁህ» አለኝ።

ክፍፍሉን በልክ ያዙ። ከግማሽ የማይበልጠውን ለጥፋቱና ለቅጣቱ፣ የቀረውን ከዚያ ወዲህ ላደረጋችሁት። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ሦስት አራተኛውን የዚያን ቀን ሁኔታ ሲተርክ ይጨርስና ለለውጡ አንድ መስመር ይቀረዋል። «ከዚያ ወዲህ» የሚለው ክፍል ደግሞ ከተቻለ ከጥፋቱ ጋር ዝምድና ይኑረው። ለኩረጃ የሚመልሰው የታመናችሁበት ሥራ ነው። ድሆችን መርዳታችሁ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ለመገልበጥ መልስ አይሆንም፤ እሱ ሌላ ቦታ አለው።

እንደ ጉዳዩ ዓይነት ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ነገር አለ።

የአካዳሚክ ታማኝነት ጉዳይ ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ምክንያቱም ሐኪም የሚጽፈው ነገር ሁሉ ሌላ ሰው አምኖ የሚሠራበት ነው። እዚህ ላይ ምክንያት ማብዛት ይጎዳችኋል። አስተማሪውን መውቀስ፣ ሕጉ ግልጽ አልነበረም ማለት፣ ሁሉም ሰው ያደርገው ነበር ማለት፣ ሦስቱንም ተዉ። የሌላውን ተማሪ ስምም አትጥቀሱ።

የዶርም መጠጥ፣ ጩኸት፣ ደንብ የጣሰ እንግዳ ማሳደር የመሳሰለው፣ አንዴ የሆነና የቆየ ከሆነ፣ አጭር ይበቃዋል። አምስት ዓረፍተ ነገር። ቦታው ስላለ ብቻ 1,325ቱን ለመሙላት አትድከሙ። በትንሽ ነገር ላይ ረጅም የጸጸት ድርሰት ሲጻፍ አንባቢው «ከጀርባው ሌላ ነገር ይኖር ይሆን?» ማለት ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ ያኔ መድገሙን ራሱ አንሡትና ምን እንዳቆመው ተናገሩ።

አካዳሚክ ፕሮቤሽን ላይ ሁኔታውን መግለጽ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ያስፈልጋል። የሌሊት ፈረቃ እየሠራችሁ ሙሉ ኮርስ ወስዳችሁ ከሆነ በሉት። ቤተሰብ ታሞ ከሆነ በሉት። ግን ሁኔታው አንድ ነገር ነው፣ እናንተ የወሰናችሁት ሌላ። «አባቴ ታሞ ስለነበር ወደቅኩ» እና «አባቴ ታሞ ሳለ ለማንም ሳልናገር አምስት ኮርስ ይዤ ቀጠልኩ፣ ኮርስ መጣል ወይም እርዳታ መጠየቅ ይገባኝ ነበር» መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ቀጥሎ ውጤታችሁ የወጣበትን ሴሚስተር ከነቁጥሩ አስቀምጡ። የራሳችሁ የጤና ጉዳይ ከሆነ የበሽታውን ስም የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ «የጤና ችግር ነበረብኝ፣ ታክሜያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ሴሚስተሮች ያሳያሉ» በቂ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ደግሞ፣ አላጠፋሁም ብላችሁ የምታምኑበት ቅጣት ነው። አለ እንዲህ ያለ ነገር፣ ቢሮዎችም ይሳሳታሉ። ያላመናችሁበትን አምናለሁ ብላችሁ አትጻፉ፣ እሱም ውሸት ነው። ግን ክርክሩን እዚህ አንቀጽ ውስጥ እንደገና አትክፈቱት። ውሳኔው ምን እንደነበር በትክክል አስቀምጡ። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያለ ምሬት፣ የእናንተ አቋም ምን እንደሆነ። ይግባኝ ጠይቃችሁ ከሆነ ውጤቱን። ከዚያ ቅጣቱን እንዴት እንደፈጸማችሁና በራሳችሁ በኩል ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደጨመራችሁ። አንድ ልጅ አሳይቶኝ የነበረው ረቂቅ ሙሉ በሙሉ ስለ ቀጣው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አድልዎ ነበር። አመንኩት፣ እውነቱን ይመስለኛል። ግን የማያውቀው ሰው ሲያነበው የሚያየው ሲነገረው የሚቆጣ ልጅ ነው።

ጥፋቱ የዓምናው ከሆነ፣ ቅጣቱም ገና ካላለቀ፣ የዘንድሮውን ዙር ስለመተው በቁም ነገር አስቡ። ጊዜ የጽሑፋችሁን ግማሽ ይሠራላችኋል። ገና ሦስት ወር ያልሞላው ሰው «ተለውጫለሁ» ቢል የሚያሳየው ነገር የለውም። ይህን ስትሰሙ እንደሚያም አውቃለሁ፤ አንድ ዓመት ግን በዚህ ሙያ ርዝመት ውስጥ ትንሽ ነው።

5. ለሁለት ሰው አስነብቡ፣ አንዱ የማያውቃችሁ ይሁን

የሚወዳችሁ ሰው ክፍተቱን በራሱ ይሞላዋል። የማያውቃችሁ ሰው ግን እንደ ቅበላ ኮሚቴው ነው የሚያነበው። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ውሰዱበትና «ምን አደረግኩ? ምን ተቀጣሁ? አሁን ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሦስቱንም ካልመለሰ ጽሑፉ አላለቀም።

ሁለተኛው ሰው የቅድመ ሕክምና አማካሪያችሁ ይሁን። የቅድመ ሕክምና ኮሚቴው ስለ ጉዳዩ በድጋፍ ደብዳቤው ላይ ያነሳ እንደሆነ ጠይቁ፣ የናንተና የነሱ ታሪክ እንዲገጥም።

ወላጆችንም ላንሳ። ብዙዎቻችን ይህን ነገር ከቤት ደብቀን ነው የምንኖረው። እናቴ የሰማችው ከማመልከቻው በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ዝም አለች፣ ከዚያ «ይሄን ብቻህን ተሸክመህ ነው ሦስት ዓመት የከረምከው?» አለችኝ። ግዴታ አይደለም፣ ፈርፓም ዩኒቨርሲቲው ያለ ፈቃዳችሁ እንዳይነግራቸው በአብዛኛው ይከለክላል። እኔ ግን ከነገርኳት በኋላ ነው ግሶቹን ማስተካከል የቻልኩት። ጮክ ብሎ «ገለበጥኩ» ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ፊት ወጣልኝ።

6. ሌላ ቦታ አታዛምቱት

5,300 ቁምፊ ያለው የግል ድርሰታችሁ ለምን ሐኪም መሆን እንደምትፈልጉ የምትናገሩበት ነው። ቅጣቱን እዚያ አታምጡት፣ የራሱ ሳጥን አለው። ሰከንደሪ ማመልከቻዎች፣ ማለትም እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለብቻው የሚልካቸው ተጨማሪ ጥያቄዎች፣ ሲመጡ ግን አንዳንዶቹ በራሳቸው ቃል እንደገና ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ጥያቄያቸው ከአምካስ ይሰፋል። ፍሬ ነገሩን፣ ቀኑን፣ ቅጣቱን ሳትቀይሩ መልሱ። ርዝመቱ ቢለያይ ችግር የለውም፣ ታሪኩ ከተለያየ ግን አለቀ።

7. ለኢንተርቪው በአፍ ተለማመዱት

የጻፋችሁትን በቃል አትሸምድዱ፣ ይታወቅባችኋል። አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ ቢያልፍ የሚፈጅ፣ በራሳችሁ አነጋገር የምትሉት ነገር ይኑራችሁ። ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንዳደረጋችሁ። ከዚያ አቁሙ። ማቆም ከባድ ነው። ዝምታው ሲያስጨንቅ ሰው መጨመር ይጀምራል፣ የሚጨመረው ደግሞ ሁልጊዜ ሰበብ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ስትለማመዱ ጨርሳችሁ አምስት ሰከንድ ዝም እንዲል ንገሩት፣ እናንተም ዝም ብላችሁ ቆዩ።

አንዳንድ ጠያቂዎች ፋይላችሁን ሳያዩ ነው የሚገቡት፣ ስለዚህ ካልተነሣ እናንተ አታንሡት። ከተነሣ ደግሞ ተከታይ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። እኔን የጠየቁኝ «ዛሬ የክፍል ጓደኛህ እንዲህ ሲያደርግ ብታየው ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነበር። አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ተዘጋጁበት።

8. ካስገባችሁ በኋላም ሥራ አለ

ማመልከቻውን ካስገባችሁ በኋላ አዲስ እርምጃ ከተወሰደባችሁ፣ አምካስ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ላመለከታችሁባቸው ትምህርት ቤቶች በጽሑፍ እንድታሳውቁ ይጠብቅባችኋል። በመጨረሻው ዓመት ሜይ ላይ በሚደረግ ድግስ የመጣ ቅጣትም ቢሆን ይቆጠራል።

የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ፣ ከቢሮው የተላከላችሁን ኢሜይልና ያስገባችሁትን ማብራሪያ በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። በኋላ ለሐኪምነት ፈቃድ ስታመለክቱ የክፍለ ግዛት ቦርዶች ስለ ትምህርትና ሥልጠና ዘመናችሁ የራሳቸውን ጥያቄ ያመጣሉ፣ ሆስፒታሎችም እንደዚያው። ሁሉም ስለ ኮሌጅ አይጠይቁም፣ የሚጠይቅ ከመጣ ግን ዛሬ የጻፋችሁት ያን ጊዜ ከምትጽፉት ጋር አንድ መሆን አለበት። የእኔ ፎልደር አሁንም አለ። ስሙ «ጃንዋሪ» ነው፣ በበልግ ነበር ብዬ እንደገና እንዳልሳሳት።